የወንዙ ዳር መሬትሽ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ወደ አገርሽ ከተመለስሽ ወዲህ የደላንታ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ዓይንሽስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠራልሽ ወይ? አክስቴ፣ ደብዳቤዬን የምታነብልሽ ልጇ ሊድያ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአቦቦ ሙቀትና ከአንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

እማዬ፣ ስለ ወንዙ ዳር መሬትሽ ከሰው አፍ ከምትሰሚ ከእኔ ስሚ። ለቅቄዋለሁ።

አትቆጪ፤ መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ። ባለፈው ክረምት አልዌሮ ከወትሮው ይልቅ ሞልቶ በቆሎውን ጠርጎ ወሰደው። በቆሎው ብቻ ቢሆን እንደገና ይዘራ ነበር፤ አፈሩንም ይዞት ሄደ። ዛፉን ቆርጠን ባረስንበት በኩል ዳርቻው ተንዶ ወንዙ ወደ ቤታችን ቀረበ። የጎረቤታችን የአኬሎ ዘመዶች የሁመሩንና የሾላውን ዛፍ ባልነኩበት በኩል ግን ውሃው ገብቶ ተመለሰ እንጂ ምንም አልናደም።

ውሃው ሲጎድል እኛ በሰፈራ የመጣነውና እነ አኬሎ፣ አኝዋኮቹ፣ አንድ ላይ ተሰበሰብን። ዳርቻው እንዳይታረስ፣ በበጋ እሳት እንዳይለቀቅበት፣ ዓሣ በሚራባበት ወቅት መረብ እንዳይጣል ተባለ። ማሳውን ለሚለቅ ሰው ከላይኛው የጋራ መሬት ሊሰጠው፣ በዛፎቹም ላይ ቀፎ ሊሰቀል ታሰበ። ሁሉም ጥሩ ነው አለ፤ የራሱን ለመልቀቅ የተነሣ ግን አልነበረም። ያገርሽ ልጅ ወንዳፈረው፣ እኛ እዚህ የቆምነው በዚህች አፈር ነው፣ ዛሬ ለዛፍ የለቀቀ ነገ ለሰው ይለቃል አለ። አልፈረድኩበትም። እሱ የፈራውን እኔም እፈራለሁ።

ያኔ አኬሎ ተነሣች። አማርኛዋን ታውቂው የለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣

«እናንተ ስትመጡ መንግሥት እኛን አልጠየቀም። ዛሬ እኛ እናንተን ጠየቅን። እንጠብቀው፣ አብረን» አለች።

መሬትሽ መሐል ለመሐል ነው፤ እሱ ከታረሰ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። አባቴና አንቺ በወባ እየተንቀጠቀጣችሁ እንዴት እንደመነጠራችሁት ስትነግሪኝ ነው ያደግሁት። ተነሥቼ፣ የእናቴን እኔ እለቃለሁ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዳፈረው ሰላምታ ነሳኝ።

ጥር ላይ ከሣሩ ሜዳ የተነሣ እሳት በነፋስ እየተገፋ መጣብን። ሴት ወንዱ ቅጠል ይዞ ወጣ። የአኬሎ ልጅ ኦባንግ አጠገቤ ሆኖ ሲያጠፋ እጅጌው ተያይዞ ክንዱ ተቃጠለ። ጭሱ ዓይኔን ጋርዶኝ ሳለ ከኋላዬ ሌላ ሰው እሳቱን ሲመታ ሰማሁ። ዞር ስል ወንዳፈረው ነው። ኦባንግን ደግፎ ወደ ወንዙ ወሰደውና ክንዱን ራሱ ውሃ ውስጥ ያዘለት። በማግስቱ እሱም ማሳውን ለቀቀ።

ዘንድሮም አልዌሮ ሞልቷል፤ ዳርቻው ግን እስካሁን ይዟል። መሬትሽ ላይ የተከልነው ሁመር ጉልበቴ ደርሷል። ጦጣዎቹ ተመልሰው የላይኛውን ማሳ በቆሎዬን ይሰርቁኛል፤ ጦጣ ቀላቢ ሆነሽ ቀረሽ ብለሽ ትስቂብኛለሽ። የኦባንግ ክንድም ድኗል። ማር የምቀባለት እኔ ነበርኩ፤ ከዳነም በኋላ መምጣቱን አልተወም።

ሊድያዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን እናቴ ብቻዋን ስትሆን አንብቢላት።

እማዬ፣ ደላንታ ነይ፣ የደህና ሰው ልጅ አይቼልሻለሁ ያልሽኝን አልረሳሁም። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተቋጠረው አሮጌ ሰማያዊ ዶቃ ከአኬሎ ነው። ከሣጥኗ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ፤ ለእናትሽ ላኪላት፣ ካልወደደችው ትመልሰው፣ አልቀየማትም አለች። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ዶቃ ከወንዱ እናት ወደ ሴቷ እናት ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ፣ አብረሻቸው ኖረሻልና ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

እባክሽ አትመልሺው።

ዓይንሽን ያብራልኝ፤ ደጃችን ላይ ቆሜ የምቀበልሽ ቀን ያድርሰኝ።

ምርቃትሽን የምትጠብቅ ልጅሽ