ለሽማግሌው ሞተር ስንት ንፋስ ይበቃዋል

የምወድህ አባዬ፣ ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሚከረክርህ ጉሮሮ ተሻለህ? ወገብህስ? የላክንልህ ብርድ ልብስ ደረሰህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ጠግቤያለሁ» እያልክ ትተኛለህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም፣ ተመስገን።

እማዬ «አባትሽ እንዳይደነግጥ ዙሪያውን ዞረሽ ንገሪው» ብላኝ ነበር። እኔ ሆዬ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። የከለከልከኝን አድርጌዋለሁ፤ እማዬን በሽማግሌው ሞተርህ ጋሪ ጭኜ አክስቴ ቤት ወስጄ መልሻታለሁ። ቁጣህን ለጊዜው ያዝልኝና እስከ መጨረሻው አንብብ።

ለሥራ ስትሄድ «እኔ ሳልመለስ እናትሽን ሞተሩ ጎን ያለው ጋሪ ላይ እንዳታስቀምጫት» ያልከኝን አልረሳሁም። ያን ጊዜ ጉብታው ላይ ጋሪው ዘሎ ጎኗን ከመታት ወዲህ እሷም በአጠገቡ ማለፍ ጠልታ ነበር። አሁን ግን ጉልበቷ ብሶባት የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት አቃታት። ታክሲም እግሯን ያጥፍባታል፤ ዘርግታ የምትቀመጠው ጋሪው ላይ ብቻ ነው። አክስቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተኝታ፣ እማዬ መስኮት ሥር ሆና፣ ሁለቱ በስልክ ሲላቀሱ መስማት አንጀቴን በላው።

ሽማግሌውን ከሸራው ሥር አወጣሁት። አንተን በዕድሜ ቢበልጥህም ሞተሩ ሳያለግም ተነሳ። ችግሩ ጎማው ላይ ነው። አንተ «ልጆቼን አላበላልጥም» እያልክ ሦስቱንም ጎማ በንፋስ መለኪያው እኩል ሠላሳ ነበር የምትነፋቸው። እንደዚያው ነፍቼ ስነዳው መሪው ወደ ጋሪው ይጎትተኛል፣ ባዶው ጋሪ ደግሞ እንደ ጥጃ ይዘላል። ጎሚስታው ጋ ሄጄ ንፋሱን ላበላልጠው ነው ስለው «አባትሽ ስንት ዘመን የነዱበትን ልትቀይሪ? ራስ ሳይጠና ጉተና!» ብሎ ሳቀብኝ።

ታዲያ እኔ የመጋዘን ሚዛን ሠራተኛ አይደለሁ? ቀኑን ሙሉ ጆንያ ስመዝን ነው የምውለው። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሥራ በኋላ አለቃዬን አስፈቅጄ ሽማግሌውን ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ የቀሩትን ጎማዎች በጣውላ እያስተካከልኩ እያንዳንዱን ለብቻ መዘንኩ። ከባዱን ሸክም ለካ የኋለኛው ነው የሚሸከመው፤ የፊተኛው ቀለል ይልለታል፣ የጋሪው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነው። አትቀየመኝና አባዬ፣ ለእኔና ለእህቴስ መቼ እኩል ሰጥተኸን ታውቃለህ? ለከሳችው ትጨምር አልነበር?

የቀረው የእማዬ ኪሎ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ መጥተሽ ሚዛን ላይ ውጪ ብላት «እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?» ብላ ፊቷን ቅጭም አደረገች። በመጨረሻ ግን በቃሏ ነገረችኝ። መጋዘን ተመልሼ በዚያው ልክ ጋሪው ላይ እህል ጭኜ የኋላውን ሠላሳ አራት፣ የፊቱን ሃያ ስድስት፣ የጋሪውን ሃያ አድርጌ የመጋዘኑን ግቢ ዞርኩበት። መሪውን በጣቶቼ ብቻ ይዤው ቀጥ ብሎ ሄደልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ቤት ወስጄ እማዬን ሳስቀምጣት ግን የጋሪው ጎማ ተጨፍልቆ መሬት ላይ ተኛ። እሷ ወደ ሌላ ታያለች። ለካ የሙሽርነቷን ኪሎ ነው የነገረችኝ! እህቴ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ እማዬ ጆሮዬን ጎትታ እውነተኛውን አንሾካሾከችልኝ። ስላስማለችኝ ለአንተም አልጽፈውም። ጎማውን ሃያ አራት አደረስኩትና ተነሳን።

ጉብታው ጋ ስንደርስ እማዬ የጋሪውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። እንደገና ብትመታ ከእንግዲህ ከቤት እንደማትወጣ አውቄዋለሁ። ቀስ ብዬ ወጣሁት፣ ቀስ ብዬ ወረድኩት። ጋሪው አልዘለለም። ትንሽ ሄደን ዞር ብዬ ሳያት እጇን ለቃ ሻርፗን ታስተካክላለች። ጎሚስታው በር ላይ ቆሞ ሲያፈጥብን «አቁሚልኝ» አለችኝና አፏን ሞልታ «ልጄ ናት የነፋችው!» አለችው። እሱም መለኪያውን ይዞ መጥቶ ሦስቱንም ለካና «እንግዲህ እኛም እንማር» አለ። አባዬ፣ የዚያን ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

አክስቴ እማዬን በር ላይ ስታያት ስፌቷን ረስታ ልትነሳ ነበር። እየተሳሳቁ ዋሉ፤ «መሽቷል፣ እንሂድ» ብልም የሰማኝ አልነበረም።

እማዬ «ሞተሩ ቀጥ ብሏል፣ የቀረው የአንተ መምጣት ነው» ትልሃለች። እህቴ ጉንጮችህን ትስማለች። አክስቴ «ለልጅህ ምርቃት አልበቃ አለኝ» ብላለች። ጎሚስታውም ሰላም ብሎሃል።

ስትመጣ መናኸሪያ ድረስ በጋሪው የምቀበልህ እኔ ነኝ። በስልክ «አልከሳሁም» ትለኛለህ፤ ድምፅህ ግን ሌላ ይለኛል። እንደ እማዬ የሙሽርነትህን እንዳትነግረኝ። ሚዛን ላይ ውጣና እውነተኛውን ኪሎህን ጻፍልኝ፤ ቀንሶም ከሆነ አትደብቀኝ። ልክህን ሳላውቅ አልነፋውም።

ልጅህ «ብሎን»
ከቤትህ በረንዳ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኅዳር ፲፪