ቤት የሌለበት ኮረብታ

ይድረስ ለልጅነት ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ዓይኔ ብቻ ትንሽ ደክሟል። ለእናትሽ ቀብር ያልመጣሁት አሞት ነው ብለው ነግረውሽ ይሆናል። አላመመኝም። አስከሬናቸው ፊት መቆም ፈርቼ ነው።

ከወንዙ ማዶ ሆኜ የሳልኩትን የመንደራችንን ሥዕል ታስታውሺዋለሽ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ከብቶቹ፣ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ፣ የሰው ቤት እያቀና የራሱን የማያቀናው አናጢ አጥር ሳይቀር አለበት። ቁርጥ መንደራችን ነው ብለው ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሰቀሉት። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የእናትሽ የእማማ ቤት ብቻ የለበትም።

አጎትሽ በመሬቱ ሲከሳቸው፣ ቤቱ አያትሽ ከሞቱ በኋላ ያለ ፈቃድ በድብቅ የተሠራ ነው አለ። ጎረቤቱ ሁሉ እሱን ፈርቶ አፉን ለጎመ። እሱም ሥዕሉን አስወርዶ፣ ይኸው አባቴ በሕይወት ሳሉ የተሳለ፣ ቤት የት አለ ብሎ ችሎት አቀረበው። ዳኛው አስጠርተው፣ ያየኸውን ነው ወይ የሳልከው አሉኝ። እኔ ያላየሁትን አልስልም አልኩ። የራሴን ስም ማዳኔ ነበር።

እማማ ተነስተው ሥዕሉ ዘንድ ቀረቡ። ቤቱን ስዘለው መንገዱን መዝለል ረስቼ ኖሯል፤ ቀጭኗ የእግር መንገድ ከወንዙ ተነስታ ኮረብታውን ትወጣና ባዶ ሣር ላይ ትቆማለች። ጣታቸውን አሳርፈውባት፣ ታዲያ ይቺ ወዴት ነው የምትሄደው ልጄ አሉኝ፣ ዳኛውን ትተው እኔን እያዩ። የፍየል መንገድ ናት አልኳቸው። እኔ ፍየል ኖሮኝ አያውቅም አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ተፈረደባቸው። በኪራይ ክፍል እስኪሞቱ ድረስ ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም ይላሉ። እኔን የገደለኝ እሱ ነው።

ይኸው ሃያ ዓመት፣ ገጠር በሳልኩ ቁጥር እጄ ሳላዘው ያቺን መንገድ ይስላታል። ብሸፍናት ቀለሙ ሲደርቅ ብቅ ትላለች። ፍሬም ሠሪው፣ መንገዱ ደክሞት ነው እንዴ መሃል ላይ የቀረው ብሎ ይስቅብኛል። አብሬው እስቃለሁ። እሱ ሲሄድ ፊቷ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ሰው በእሷ ሲወርድ እጠብቃለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ የኔው ንጋት ዘገየ እንጂ። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቤ መዋሸቴን እናገራለሁ። ቃሌን ፈርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ያስሩኝ ይሆናል፤ ይሁን። ቤቱ ፈርሷል፣ መሬቱ እንኳ ይመለስልሽ።

ቤቱን ለምን ተውከው ቢሉኝ፣ ኮረብታው እንዲያምር ብዬ ነው እላቸዋለሁ። ለእነሱ ይኼ ይበቃቸዋል። ሥዕሉን የጀመርኩት ግን ከዚያ ቤት በወጣሽበት በሠርግሽ ማግሥት ነው።

ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የእማማን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

በእናትሽ ደጅ ያደገው
የልጅነት ጓደኛሽ