የኢየሩ ምስክርነት

ይድረስ ለወንድምጋሼ ዳኜ፣ ጅጅጋ፤

እንዴት ሰነበትክ ጋሼ? ያ የጅጅጋ አቧራ ጉሮሮህን ተወልህ ወይ? የሺሀረግስ ወገቧን ተሻላት? ትሕትናዬስ? ባለፈው ስትደውል፣ ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ እንቢ አላት፣ አለንጋ ሳያስፈልጋት አይቀርም ብለህ ነበር። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ማለቴ በአካል ደህና ነን። ቤታችን ግን ሰላም የለውም። በስልክ እንዳልነግርህ አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም፤ ጎረቤታችን ሀምዳን ነገ ወደ እናንተ ስለሚነሳ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ነገሩ የእህታችን የኢየሩ ነው። የጓደኛዋ የኑሕ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት የመጡ ቀን ሁሉ ነገር አምሮ ነበር። እንደ ቤታችን ወግ ጉዳዩ ሳይነሳ ቃል ይነበብ ተባለ። የኑሕ አጎት፣ ልጅቱ ታንብብልን ብለው መጽሐፍ ቅዱሱን ሰጧት። ማንበብ ከልጅነቷ እንደሚያስቸግራት አንተም ታውቃለህ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ እማዬ ይሉኝታ ይዟት አላስቆመቻቸውም፣ አባባም አንገታቸውን ደፉ። ስንቱን መዝሙር በቃሏ የምታውቅ ልጅ፣ ቃል እየዘለለች፣ እየተመለሰች፣ ላብ በላብ ሆነች። አጎትየው መጽሐፉን ከእጇ ወስደው፣ እጃቸውን ጫኑባትና የያዛትን መንፈስ ገሠጹ። መንፈስ አሉ፣ ጋሼ! ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሱቅ ከገበያተኛው ጋር ስትሳሳቅ የምትውለዋን ልጅ! ከዚያ የመጡበትን ሳያነሱ ተነስተው ሄዱ።

ይኸው ሰፈሩ ሁሉ ነቢይ ሆኗል። አንዷ ደደብ ናት ትላለች፣ ሌላዋ ዘር ነው፣ ከእሷ ማን ይወልዳል ትላለች። የወጣቶች ጥናት ላይ እንኳ ተራዋ ሲደርስ ዝም ብለው ያልፏታል። ዊንጌት አካባቢ የምታስተምረው ጓደኛዬ አስቻለች መጥታ፣ ይሄ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር ነው፣ የአእምሮ ጉድለትም ስንፍናም አይደለም ብላ አባባን ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። ጥሩ፣ ጥሩ እያሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ ታዲያ ለምን አይጸለይላትም አሉ። ወይ ጉድ!

አሁን ሽማግሌዎቹ መልሰው ልከዋል። የፊታችን እሑድ በጉባኤው ፊት ቆማ ነጻ ወጥቻለሁ ብላ ከመሰከረች ተመልሰን እንጠይቃለን ነው የሚሉት። አባባ ሁለት ቃል ብትናገር ምን አለበት ይላሉ። እማዬ ታለቅሳለች። ኑሕም ቢሆን ከአሳደጉት አጎቱ ቃል አይወጣም፤ በይውና እንለፈው አላት። ኢየሩ ግን ያልያዘኝን ለቀቀኝ አልልም፣ በጌታ ፊት አልዋሽም ብላ ቁርጡን ነገረችው። ከዚያ ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። ትወደዋለች እኮ።

ጋሼ፣ አባባ የአንተን ቃል ይሰማሉ። እባክህ ከእሑድ በፊት ደውልላቸው። ሠርጉን አድን አልልህም፤ ልጃቸውን እንዳያስዋሿት ብቻ ንገርልን።

የሺሀረግን ሳምልኝ፤ እማዬ የቋጠረችላትን በሶ ሀምዳን ይዞታል። ለትሕትና ሰላምታውን የላከችው ኢየሩ ራሷ ናት። አለንጋውን ይተውላትና፣ አክስትሽም እንዳንቺ ናት፣ ማንም አልያዛትም ይበልልኝ ብላለች።

እህትህ ሚልካ
ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.