የሞላ አረንጓዴ መግል

ሸሕዲ፣ ጥቅምት 21

ዛሬም ጤና ጣቢያው ውስጥ የታካሚዬን የሞላን የቆሰለ እግር አጠብኩ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ነው፤ ማጭድ ከቆረጠው ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ጓደኞቹ ካፕሱል እየፈቱ ዱቄቱን ሲነሰንሱበት ከርመዋል። አሁን መግሉ አረንጓዴ ነው፤ ያለን መድኃኒት ምንም አላለውም።

"ሲስተር፣ መጀመሪያ እኮ ደህና ነበር፤ ድንገት ምን ነካው?" አለኝ።

ደክሞኛል፤ ግን ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ነገርኩት። ባክቴሪያዎቹ በኬሚካል ይጠራራሉ። ጥቂት ሳሉ አድፍጠው ይቆያሉ፤ መብዛታቸውን ሲያውቁ አንድ ላይ ይነሳሉ። አሁን ሳይገድላቸው መጠራራታቸውን ብቻ የሚያቋርጥ መድኃኒት እየተሞከረ ነው።

ሳቀ። "ለአጨዳ የሚወስደን ደላላ እኛን እንደሚያደርገን በሉኛ! ዋጋ ካልተጨመረ አንሄድም ብለን ስንማከር፣ አንዳንዳችንን ለብቻ እየጠራ ይበትነናል።"

እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አሠልጣኝ አልገጠመኝም።

"ታዲያ መድኃኒቱ እናንተ ጋ አለ?"

"የለም። ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሪፈር ልጽፍልህ ነው። የሚያደርስህ ጓደኛ ጥራ።"

ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጠፈው። በሩን አየት አደረገና፣ "ማንን ልጥራ፣ ሲስተር? ደላላው ጠዋት ሁሉንም ጭኖ ወስዷቸዋል" አለኝ።