ፈረስ የቆመበት ቁልቁለት

ሐሙስ

ዛሬም አልወረደችም። ከቁልቁለቱ መታጠፊያ በሆዴ ተኝቼ፣ ካሜራዬን ደቅኜ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ጠበቅኋት። ቃልኪዳን ብስክሌቷን አንደርድራ ትመጣና ልክ መሬቱ ሲያዘቀዝቅ ፍሬን ትይዛለች። ወደ እኔ የሚወርደው አቧራው ብቻ ነው። የአቧራ ፎቶ በሽ በሽ ሆኖልኛል።

ባለፈው ክረምት ወድቃ ትከሻዋ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ «ድነሻል» ካላት ቆየ፤ እሷ ግን አላመነችውም። ወደ ዘመሮ የመጣነው የተራራ ብስክሌቱን ትቀጥልበት ወይስ ትተወው ልትለይ ነው። እኔ ጓደኛዋ ደግሞ ሥራዬ የሚሮጥና የሚዘል ነገር ፎቶ ማንሳት ስለሆነ፣ ከወረደች እንዳታመልጠኝ ተከትያታለሁ።

ያረፍነው የእናቷ አጎት ጋሽ ደምሴ ቤት ነው። ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ በሰው ይቀልዳሉ። «ልጆቼ፣ ያንን ቁልቁለት በቅሎ እንኳ ማርያም ማርያም እያለች ነው የምትወርደው» አሉን።

ዓርብ

ብርሃን እንዲህ ነው! ማዶ የመርሐቤቴ አምባዎች ታጥበው ፀሐይ ላይ የተሰጡ ይመስላሉ።

እስከ ግማሽ ወረደች! ከዚያ ብስክሌቷን ጥላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆሎ ዘገንኩላት።

«እግሬ እሺ ይላል፤ እጄ ነው እንቢ ያለው። ሳላዘው ፍሬኑን ይይዘዋል» አለችኝ።

«እጅሽን ቤት ትተሽው ነያ!» ስላት ቆሎው ትን አላት። እስኪያመን ሳቅን።

የዕለቱ ምርጥ ፎቶ፦ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያዛጋ።

ቅዳሜ

ነገ የጋሽ ደምሴ ልጅ የውብነሽ ሠርግ ነው። ጥር ላይ መምጣታችን ነው ጥፋቱ። ወንዶቹ ዳስ ሲጥሉ እኛ ሽንኩርት ስንልጥ አረፈድን። ከሰዓት ወጣን። ነፋስ። ቃልኪዳን ሄልሜቷን እንኳ ራሷ ላይ አላደረገችም።

«በቃኝ። ሰኞ ወደ ቤታችን እንሂድ።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ከፍቶኛል። ለፎቶው ብዬ አይደለም። እሺ፣ ለፎቶውም ነው።

ስንመለስ ጋሽ ደምሴ ደጅ ላይ ጠበቁኝ። ከደብረ ብርሃን ይመጣል የተባለው የሠርግ ፎቶ አንሺ መኪና ተበላሽቶበት ቀርቷል።

«አንቺ አለሽልን አይደል?»

«ጋሼ፣ እኔ የሚሮጥ ነገር እንጂ ቆሞ የሚያየኝ ሰው አንስቼ አላውቅም።»

«ምን ቸገረሽ! ሙሽራው በፈረስ ነው የሚመጣው። ይሮጥልሻል!»

እሑድ

ዳሱ ውስጥ ይጨፈራል፤ እኔ ጎተራው ሥር ተደብቄ እጽፋለሁ።

ረፋድ ላይ የሙሽራው አጃቢዎች በሜዳው እየጋለቡ መጡ። አንደኛው ሚዜ አስቻለው፣ የሙሽራው ወንድም፣ ግድግዳ የተደገፈውን ብስክሌት አየ።

«ይቺ የብረት በቅሎ የማን ናት? ከፈረሴ ጋር ትሽቀዳደማለች?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቃልኪዳን አልሳቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችው፤ ከሥሩ ሱሪ ለብሳለች። ሄልሜቷን አጠለቀች።

«እስከ የት ነው?»

«እስከ አፋፉ!»

ገና ሳይነሱ ሙሽራውንም ሠርጉንም ትቼ ወደ መታጠፊያው በረርኩ። እልልታው ከኋላዬ ቀለጠ። ሜዳው ላይ ፈረሱ ቀደማት፤ እውነቱ ይነገር። አፋፉ ላይ ሲደርሱ አስቻለው ልጓሙን ሳበ፣ ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። እሷ አልቆመችም። በጎኑ አልፋ፣ ሁለቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ፣ ቀሚሷ ተፈትቶ እየተርገበገበ፣ እየጮኸች በፊቴ አለፈች። ቁልቁለቱ ግርጌ እስካለው ጅረት ድረስ!

ሮጬ ወረድኩ። ሣሩ ላይ ተዘርራለች። አጠገቧ ተንበረከክኩ።

«ትከሻሽስ?»

«የቱ ትከሻ?» አለችና እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች።

አስቻለው ፈረሱን እየጎተተ በእግሩ ወረደ። «እኔስ ግድ የለም፤ ፈረሴን ነው ያሳፈርሽው» አላት።

ከዚያ ሙሽሮቹን አነሳሁ። ቁሙ ስላቸው ምሰሶ መሰሉ። «በሉ ሩጡ!» አልኳቸው። ውብነሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሙሽራው እየተከተላት፣ ዳሱን ዞሩት። ጋሽ ደምሴ እያጨበጨቡ «ፎቶ ማለት ይሄ ነው!» አሉ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ያለ እኛ ሄደ።

ቃልኪዳን ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ። «የትላንቱ በእልህ ነው፤ አይቆጠርም። ዛሬ ማንም ሳይገፋኝ፣ ብቻዬን።»

እናም መታጠፊያው ላይ ነኝ። የትላንቱን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት፤ እንዲህ ያለ አንስቼ አላውቅም። ደስታዬን የት እንደማደርሰው አላውቅም። ግን ከትላንቱ ይልቅ የዛሬው ያስፈራኛል። ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ትመጣለች?» ይሉኛል።

«እንጃ ጋሼ።»

አፋፉ ላይ ታየች። ቆመች። አሁንም ቆማለች።

እጇን ከፍሬኑ አነሳች። እስክሪብቶዬን ጋሽ ደምሴ ይያዙልኝ።