የዶክተር ካሪን ሊንድሆልም ዕረፍትና የዘገየው ይቅርታችን

በዱሉዝ ከተማ የሚገኘው የሰሜን ሐይቅ የጂን ሕክምና ምርምር ተቋም፣ ከፍተኛ ተመራማሪ የነበሩት ዶክተር ካሪን ሊንድሆልም ባደረባቸው ሕመም እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2023 በ71 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለሠራተኞቹና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በታላቅ ሐዘንና በኀፍረት ነው።

ዶክተር ካሪን ተቋማችንን የተቀላቀሉት በ1991 ነበር። ጤነኛ ጂን ወደ ታመመ ሕዋስ የሚያደርሰው ቫይረስ ብቻ ነው በሚባልበት ጊዜ፣ እሳቸው ያለ ቫይረስ የሚሠራ፣ ዲኤንኤን ጠቅልሎ የሚያደርስ ደቃቅ የቅባት ተሸካሚ ፈጠሩ። በ2004 ተሸካሚው ሳንባቸው በዘር በሽታ ለተጎዳ ሕመምተኞች ለሙከራ በቃ።

በ2009 ተቋሙ ሥራ ለማቅለል ሲል ተሸካሚው የሚበጠበጥበትን የስኳር ውሃ በጨው ውሃ ተካው። ዶክተር ካሪን በስብሰባው ላይ፦ «ጨው አይስማማውም አልኳችሁ እኮ! እንደ ተበላሸ ወተት ነው የሚጓጉለው። ነገ ደግሞ ካሪን ናት ያበላሸችው ትላላችሁ፤ አላውቃችሁም እንዴ?» ማለታቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።

እንዳሉትም ጓጎለ። ለሕመምተኛ ከመሰጠቱ በፊት ቢደረስበትም ሙከራው ተቋረጠ። እኛም ቃለ ጉባኤውን መልሰን ሳናነብ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ አላከክን፤ ከኃላፊነት አንስተን ስማቸውን ከገዛ ሥራቸው ላይ ፋቅን። በዚያው ዓመት ለቀው ሄዱ።

በ2021 ሙከራው በስኳር ውሃ ተደግሞ ተሳካ። በጁን 2022 የቦርዱ ሰብሳቢ ለዶክተር ካሪን ደውለው የይቅርታ ደብዳቤ እንደሚደርሳቸው ነገሯቸው። ደብዳቤው ግን «ስሕተት» የሚለው ቃል ይውጣ፣ የለም ይግባ እየተባለ ዘጠኝ ወር ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ።

ልጃቸው ወይዘሪት ብሪታ በቀብሩ ዕለት እንዲህ ብለውናል፦ «ፖስተኛው በመጣ ቁጥር "ከቢሮ ነው?" ትለኝ ነበር። አይደለም እማ ማለት ሰለቸኝ። ምን ነበር አንዲት ወረቀት?»

ተሸካሚው ከዛሬ ጀምሮ በዶክተር ካሪን ስም ይጠራል። ለወይዘሪት ብሪታ፣ ለቤተሰባቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ወይዘሪት ብሪታ፣ ጥፋቱ የእናትዎ አልነበረም፤ የእኛ ነበር።

ደብዳቤው አሁን «ስሕተት» የሚለው ቃል ሳይወጣ ተፈርሟል። የፈረምነው ከቀብራቸው ስንመለስ ነው።

የተቋሙ ቦርድና ሠራተኞች