ክንፍ ላይ የሚረጋው በረዶ

ሰኞ

አውሮፕላኗ ዛሬም አልበረረችም። ወለላን ኤርፖርት ድረስ ተሸክሜ ወስጄ ተሸክሜ መለስኳት። ልጄ እስከ ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ሆስፒታል ካልገባች የልብ ቀዶ ጥገናው ተራ ለሌላ ያልፋል። በመኪና ደግሞ ሐኪሙ ከልክሏል፤ ትንፋሿ መንገዱን አይችለውም።

ትኬት ክፍል ያለችውን ልጅ ለምን ቀረ አልኳት።

«ትንበያው ደመናው ውስጥ በረዶ አለ ይላል፣ አባቴ። ክንፉ ላይ ይረጋል።»

«ስንት ኪሎ ቢሆን ነው? ሻንጣችንን እንተወው፣ ጭኮውንም ቅቤውንም!»

ሳቀች። ወለላን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

ማክሰኞ

ደመና። የትኬቷ ልጅ ዛሬ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሳልረሳው፦

— ደመናው ውስጥ ያለው ውሃ ከበረዶ ቀዝቅዞም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ክንፍ ሲነካው ነው የሚረጋ።
— ችግሩ ክብደቱ ብቻ አይደለም። ክንፉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ ቅርጹ ይበላሻል፣ አየሩ አያነሳውም።
— ፍጥነት ይወርዳል። ሞተሩ ቢጮህም ከፍ አይልም።
— የኛይቱ አውሮፕላን ክንፏ ፊት ላይ እየተነፋ በረዶውን የሚሰብርላት ጎማ ተበላሽቷል። እስኪጠገን ደመና ውስጥ አትገባም።

ትናንት ለምን አይበሩም ብዬ ስሳደብ ነበር። ዛሬ ቢበሩስ ብዬ ፈራሁ።

ረቡዕ

ምህላ ነበር። ደመናው ይከመራል እንጂ አይጥልም፣ ገብሱ ሊደርቅ ነው። ሰው ሁሉ «እግዚኦ» ሲል እኔ አፌን ገጠምኩ። ደመና ጨምር ብዬ ልለምን?

ጎረቤቴ አያ ሞላ ጎሸም አደረገኝ። «ምነው ዝም አልክ? ያንተ ገብስ በቧንቧ ነው የሚጠጣ?»

ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ሄዶ ለቄሱ በጆሯቸው አንሾካሾከ። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጌታዬ፣ ጠዋቱን ለልጅቷ፣ ከሰዓቱን ለገብሱ» አሉ። ሕዝቡ «እግዚኦ» አለ። ያን ጊዜ አብሬ ጮህኩ።

ቤት ስገባ የወለላ ከንፈር ጠቁሯል።

ሐሙስ

ጠዋት ተገልጧል! የትኬቷ ልጅ «እስከ አራት ሰዓት ክፍተት አለ፣ ቶሎ በሉ» አለች። አስታማሚ የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ እናቷ ሄደች። አውሮፕላኗ ስትነሳ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጀርባ ነጭ ደመና ብቅ ሲል አየሁ። መሬት ተቀመጥኩ።

ከሰዓት። ስልክ። ወለላ ናት።

«አባዬ፣ ክንፉን... ሳላቋርጥ አየሁት። ምንም የለበት።»

ትንፋሿ ቃሉን እየቆረጠው ነው። እናቷ ስልኩን ተቀበለቻት። «ሆስፒታል ገብተናል። ተራው የሷ ነው፣ ነገ ጠዋት።» ተቋረጠ።

ልጠይቅ የነበረው፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል። ደም ያስፈልጋል ወይ። ፈርታለች ወይ።

አንዱንም አልጠየቅኩ። መልሼ ስደውል አይነሳም።